ዘበኛው ሸርጣን፤ በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ስላለው የጋራ ኑሮ

(የመክፈቻ ዜማ)

የሥነ ፍጥረት ትምህርት የሚቀርብበት ሰዓት ስለ ደረሰ፣ በየቤታችሁም ሆነ በየትምህርት ቤታችሁ ተሰብስባችሁ የምትጠባበቁን ሁሉ ጆሯችሁን እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በጥንት ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እያወሳ፣ ከእያንዳንዱ ፍጥረት ግብር ለሰው ልጅ የሚሆን ምሳሌና ተግሣጽ ያወጣ እንደ ነበር ሊቃውንቱ ያውቃሉ። እኛ ግን ዛሬ ምሳሌውን ለጊዜው እናቆየውና፣ የሰውነቱ ስፋት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ አንድ የባሕር ፍጥረት በገዛ ኑሮው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚመገብ፣ ከማን ጋር እንደሚጣላና ከማን ጋር እንደሚስማማ ለራሱ ለነገሩ ስንል እንመለከታለን። ይህም ፍጥረት በኮራል ቅርንጫፎች መካከል የሚያድረውና የባሕር ተመራማሪዎች ዘበኛ ሸርጣን የሚሉት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማኅደሩ እንናገር። ኮራል በሩቅ ሲያዩት ቋጥኝ፣ ቀረብ ሲሉት ደግሞ ቁጥቋጦ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ድንጋይም ተክልም ያይደለ፣ ፖሊፕ የሚባሉ እጅግ ብዙ ደቃቅ እንስሳት በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ለስላሳ ሰውነት፣ አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ የተደረደሩ ተናዳፊ ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ከባሕሩ ውሃ የኖራ ማዕድን እየሳበ ከበታቹ ጠንካራ መኖሪያ ያንጻል፤ ይህም ሕንጻ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ፣ ከዘመናት ብዛት የተነሣ መርከብ የሚሰብር ቋጥኝ ይሆናል። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነዚህም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ፣ ከሚያስፈልገው ኀይል አብዛኛውን ለባለቤቱ ይለግሡታል፤ ቀለሙንም የሚሰጡት በብዛት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ኮራል፣ ሸርጣኑ ገና ወደ እርሱ ሳይመጣ፣ በራሱ በጋራ ኑሮ ላይ የቆመ ፍጥረት ነው ማለት ነው።

የዚህን ሸርጣን ወገን ለዓለም ካሳወቁት ሊቃውንት አንዱ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ የተወለደው ኤድዋርድ ሩፔል በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ የሰበሰባቸውን 24 የሸርጣን ዐይነቶች ገልጾና ሥሎ በ1830 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ዛሬም በእርሱ ስያሜ ትራፔዚያ ጉታታ ተብሎ የሚጠራውን ዘበኛ ሸርጣን አስፍሯል። ይኸው ሰው ጥቂት ቆይቶ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ የሰሜንንም ተራሮች አቋርጦ በ1832 ጎንደር ደረሰ። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ስም ሰጥቶ የጻፋቸው እርሱ ሲሆን፣ በጉዞው ያገኛቸውን የብራና መጻሕፍትም ወደ ትውልድ ከተማው ወስዶ ለቤተ መጻሕፍት አስረክቧል። እንዲህ ሆኖ የደጋው ዋልያና የባሕሩ ሸርጣን፣ አንዱ በገደል ጫፍ ሌላው በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የሳይንስ ስማቸውን ከአንድ ሰው ብዕር አገኙ።

ትራፔዚያ የተባለው የሸርጣን ወገን ከቀይ ባሕር አንሥቶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል አልፎ፣ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለትም እስከ ፓናማ ድረስ ይገኛል። የሚያድረውም ፖሲሎፖራና ስታይሎፎራ በሚባሉት፣ ቅርንጫፋቸው ጥቅጥቅ ባለ ኮራሎች ውስጥ ነው፤ ቴትራሊያ የሚባሉት ዘመዶቹ ደግሞ አክሮፖራ የተባለውን ኮራል ማኅደር አድርገው ይኖራሉ፤ አንዱም ወገን በሌላው ቤት የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በቀይ ባሕር የውሃ መነጽር አጥልቆ የሚጠልቅ ሰው፣ ቁመቱ ከክንድ ያነሰ የፖሲሎፖራ ቁጥቋጦ አግኝቶ በቅርንጫፎቹ መካከል አተኩሮ ቢመለከት፣ ከጥላው ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ዓይኖች መልሰው ሲመለከቱት ያገኛል። ጥቂት ቢታገሥ፣ ጀርባው ልሙጥና ጠፍጣፋ፣ ከፊቱ ሰፋ ከኋላው ጠበብ ያለ፣ በነጣው ሰውነቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት ትራፔዚያ ቲግሪና ሁለቱን መቆንጠጫዎቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ቅርንጫፉ ጠርዝ ብቅ ሲል ያየዋል። ጣቱን ያስጠጋ እንደ ሆነ፣ ሌላው የባሕር ሸርጣን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሸሸጊያው ሲሸሽ፣ ይህ ግን ከእርሱ በብዙ እጥፍ ወደሚበልጠው ጣት ራመድ ብሎ ሊቆነጥጥ ይቃጣል። ከእርሱ በስተ ኋላ፣ ጠለቅ ባለው የቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛው ትኖራለች፤ ከአንድ ዐይነት የሆኑ ያደጉ ሸርጣኖች በአንድ ኮራል ውስጥ የሚገኙት በተለመደው ሁኔታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ሆነው ነውና። ከገዛ ወገናቸው ሌላ ሸርጣን ሊገባ ቢሞክር፣ ባልና ሚስቱ ተጋፍተው ያስወጡታል። ሴቲቱ ዕንቁላሎቿን በሆዷ ሥር ተሸክማ ትጠብቃቸዋለች፤ ሲፈለፈሉም ጫጩቶቹ ከባሕሩ ሞገድ ጋር ይሰደዳሉ፤ በስደት ቆይተው ካደጉ በኋላ ከመካከላቸው ዕድል የቀናቸው ጥቂቶቹ ብቻ ባዶ ቦታ ያለው ኮራል አግኝተው ያርፋሉ።

ሸርጣኑ ከኮራሉ የሚያገኘው መጠለያ ብቻ አይደለም፤ ምግበ ሥጋውም ከዚያው ነው። ኮራል ሰውነቱን ከአቧራና ከተሐዋስያን ለመጠበቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ሸርጣኑም በእግሮቹ ጫፍ እንደ ጥጥ ማበጠሪያ በተደረደሩት አጫጭር ጠጉሮች ፖሊፖቹን እየፋቀ፣ ያንን ፈሳሽ ከተጣበቀበት ፍርፋሪ ጋር ሰብስቦ ወደ አፉ ያቀርባል። ከዚህም የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። በሐዋይ ተደርጎ በ1990 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሸርጣን የሚኖርበት ፖሲሎፖራ በፖሊፖቹ ላይ ስብ የተከማቸባቸው ጥቃቅን እብጠቶች ያበቅላል፤ ይህንንም እንዲያደርግ የሚያነሣሣው የሸርጣኑ እዚያ መኖር ነው። እንግዲህ ኮራሉ ለሎሌው ማዕድ የሚያቀርበው ሎሌው በቤቱ ሳለ ነው ማለት ይቻላል።

(አጭር ዜማ)

ክቡራን አድማጮች፣ እስከ አሁን የተናገርነው ሸርጣኑ ስለሚቀበለው ነው። አሁን ደግሞ ስለሚከፍለው እንናገር።

የኮራል ጠላቶች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን በእሾኹ ብዛት ምክንያት የእሾህ አክሊል የተባለው፣ እኛም በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አክሊለ ሦክ ልንለው የምንችለው የባሕር ኮከብ ነው። ይህ እንስሳ ስፋቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ክንዶቹ ብዙ ናቸው፤ መላ ጀርባውም መርዛም በሆነ ረዣዥም እሾህ የተሸፈነ ነው። ሲመገብ በኮራሉ ላይ ይወጣና ጨጓራውን በአፉ በኩል አውጥቶ በፖሊፖቹ ላይ ይዘረጋል፤ ሥጋቸውን እዚያው አሟምቶ ከመጠጠ በኋላ፣ ከበስተ ኋላው ነጭ አፅም ብቻ ትቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንድ ትልቅ አክሊለ ሦክ በዓመት 6 ካሬ ሜትር ያህል ኮራል ሊያጠፋ ይችላል፤ አንዲት እንስትም በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ስለምትጥል፣ ሁኔታው ሲመቻቸው እንደ አንበጣ መንጋ በዝተው ሰፊ የኮራል ቋጥኝ ራቁቱን ያስቀራሉ።

በዚህ ፊት ነው እንግዲህ ያ ትንሽ ሸርጣን የሚቆመው። ፒተር ግሊን የተባለው ተመራማሪ በፓናማ የፓስፊክ ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ባደረገው ምርምር፣ አክሊለ ሦክ በሚያገኛቸው ኮራሎች መካከል እየመረጠ እንደሚበላና ሸርጣን ያደረበትን ፖሲሎፖራ እንደሚሸሸው ተመለከተ። ሸርጣኑ ጠላቱ መምጣቱን ለማወቅ የግድ እስኪያየው አይጠብቅም፤ ግሊን በ1980 እንደ ገለጸው፣ ከባሕር ኮከቡ ሰውነት ወደ ውሃው የሚወጣው ንጥረ ነገር ብቻውን ሸርጣኑን ለጠብ ያስነሣዋል። ኮከቡ የመጀመሪያውን ክንድ በቅርንጫፉ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሸርጣኑ ከውስጥ ወጥቶ እሾኹን በመቆንጠጫው እየያዘ ወደ ላይና ወደ ታች ያናውጠዋል፤ ከክንዱም በታች ገብቶ፣ ኮከቡ የሚራመድባቸውን ለስላሳ የቱቦ እግሮች ይቆነጥጣል። ያ ግዙፍ እንስሳም እግሮቹን ሰብስቦ፣ የዘረጋውን ክንድ መልሶ፣ ቀስ እያለ ዘበኛ ወደሌለበት ኮራል ያቀናል።

ሸርጣኑ በዚህ ሥራ ሁልጊዜ ብቻውን አይደለም። አልፌየስ ሎቲኒ የተባለ፣ አንደኛው መቆንጠጫው ከሌላው የጎላና ሲዘጋው እንደ ተኩስ የሚጮኽ ሽሪምፕም በዚያው ኮራል ውስጥ ይኖራል፤ በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሸርጣኑና ሽሪምፑ አብረው ሲዋጉ የሚገኘው ጥበቃ ሁለቱ ለየብቻቸው ከሚያደርጉት ጥበቃ ድምር ይበልጣል። በዘበኞቹም መካከል እንደ አካላቸው መጠን የሥራ ክፍል አለ፤ ትላልቆቹ ከአክሊለ ሦክ ጋር ሲታገሉ፣ ታናናሾቹ ትልቁ ሊደርስበት በማይችለው ጠባብ ቦታ እየገቡ ኮራል ከሚበሉ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ጋር ይጣላሉ።

ጠላትን ማባረር በዓይን የሚታይ ግብር ስለ ሆነ ቶሎ ይደነቃል፤ ነገር ግን የዕለት ተዕለቱ ቤት መጥረግ ከዚያ ያላነሰ ዋጋ ያለው መሆኑ የታወቀው በ2006 በታተመ አንድ ምርምር ነው። በታሂቲ አጠገብ ባለችው በሞሬያ ደሴት ተመራማሪዎች ሁለት ዐይነት ባለ ቅርንጫፍ ኮራሎችን ወስደው፣ ከከፊሎቹ ሸርጣኖቹን አወጡ፤ በከፊሎቹ ላይ ግን እንደ ነበሩ ተዉአቸው። ሸርጣን ከተወሰደባቸው ኮራሎች መካከል ከ45 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት አንድ ወር ሳይሞላ ሞቱ፤ ሸርጣን የቀረላቸው ግን አንዱም ሳይጎድል በሕይወት ቆዩ። ሳይሞቱ የተረፉት ዘበኛ አልባ ኮራሎችም እድገታቸው የዘገየ፣ ቀለማቸው የነጣ፣ በላያቸውም ደለል የተከመረባቸው ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ሞገድ የሚያመጣው አሸዋና ጭቃ በፖሊፖቹ ላይ ሲያርፍ አፋቸውን ይደፍናል፣ ብርሃናቸውንም ይከለክላል፤ ሸርጣኑ ግን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲመላለስ ይህን ደለል እየጠረገ ይጥለዋል። በቤተ ሙከራ ሲመረመርም፣ ሸርጣኑ በብርቱ የሚያስወግደው ኮራሉን ይበልጥ የሚጎዳውን መጠን ያለውን የአሸዋ ቅንጣት መሆኑ ታወቀ።

አሁን በዚህ ላይ ሌላ ዐይነት አዳሪ እንመልከት። ሃፓሎካርሲነስ የሚባል፣ መጠኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ሌላ ሸርጣን አለ፤ እርሱንም አሜሪካዊው ዊልያም ስቲምፕሰን በ1859 ገልጾ ጽፎታል። እንስቲቱ ገና በልጅነቷ በሁለት የኮራል ቅርንጫፎች መጋጠሚያ ላይ ትቀመጣለች፤ በእርሷ መኖር ምክንያት የቅርንጫፎቹ አበቃቀል ይለወጥና ጠፍጣፋ ሆነው ከግራና ከቀኝ እያደጉ ይከቧታል፤ በመጨረሻም ተገናኝተው፣ ውሃ የሚመላለስባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ የቀሩለት የድንጋይ ክፍል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ እንደ በዓት መነኩሲት ዳግመኛ ሳትወጣ በዚያው ትኖራለች። ከእርሷ እጅግ የሚያንሰው ወንዱ ግን ከውጭ ይኖራል፤ በቀዳዳው አልፎ ሊደርስባትም ይችላል። ይህች ሸርጣን ከኮራሉ ቤትና ምግብ መቀበሏ ግልጽ ሲሆን፣ በምላሹ ጠላት ስታባርርለት ወይም ደለል ስትጠርግለት አትታይም፤ ስለዚህም ሊቃውንቱ ምንም የማትጎዳ እንግዳ ናት ወይስ ጥገኛ በሚለው ነገር ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል።

የጥንቱ ጸሐፊ ቢሆን ትራፔዚያን የታማኝ ሎሌ፣ ሃፓሎካርሲነስን የሰነፍ እንግዳ ምሳሌ አድርጎ ነገሩን በፈጸመው ነበር። ነገሩን ቀርቦ ለሚመረምረው ሰው ግን ይህ አፈራረድ አይጸናም። ዘበኛው ሸርጣን የሚዋጋው ስለ ኮራሉ ሲል አይደለም፤ ስለ ገዛ ማዕዱ፣ ስለ ገዛ ጎጆውና ስለ ገዛ ትዳሩ ሲል ነው። አክሊለ ሦክን የሚያባርርበት ያው መቆንጠጫ ቤት ፍለጋ የመጣውን የገዛ ወገኑን ያባርራል፤ ደለሉን የሚጠርጉት እግሮችም ከኮራሉ ሰውነት ላይ ምግብ የሚፍቁት እነዚያው እግሮች ናቸው። ጥቅሙና አገልግሎቱ ሊለያዩ በማይችሉበት ሁኔታ ተገምደዋል፤ የኪዳኑም ጽናት የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ አንደኛው ለሌላው ውለታ መዋል ሳያስፈልገው፣ ለራሱ ሲኖር ሌላውን ያኖራልና።

እንዲህ ያለው ኪዳን ግን ወሰን አለው። የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ቀደም ብለን ያነሣናቸው አልጌዎች ከኮራሉ ሥጋ ይወጣሉ፤ ኮራሉም ይነጣል፤ የሚመግበው ስለሌለ ለሸርጣኑ የሚያቀርበው ፈሳሽና ስብ ይቀንሳል። በ1982 እና በ1983 ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር ሙቀት በምሥራቃዊው ፓስፊክ በተነሣ ጊዜ፣ ግሊን በነጡት ኮራሎች ላይ የዘበኞቹ ቁጥር እንደ ቀነሰና የቀሩትም ጥበቃቸው እንደ ደከመ ተመለከተ። ከዚያ የተከተለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በፓናማ አንዳንድ ስፍራዎች ዘበኛ የሌላቸው ትላልቅ ድብልብል ኮራሎች በፖሲሎፖራ አጥር ተከበው ይኖሩ ነበር፤ አክሊለ ሦክም ያንን በሸርጣን የተሞላ አጥር መሻገር ስለማይደፍር ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ሙቀቱ አጥሩን ሲገድለው መንገዱ ተከፈተ፤ ለዘመናት ተጠብቀው የኖሩት ኮራሎች፣ ከሙቀቱ ያመለጡት ሳይቀሩ፣ የባሕር ኮከቡ መብል ሆኑ። ስለ ገዛ ጎጆው ብቻ ይዋጋ የነበረው ሸርጣን፣ ሳያውቀው የሰፈሩ ሁሉ ቅጥር ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። የባሕር ሀብት በሚቆጠርበት ጊዜ ዓሣው፣ ዔሊውና የኮራሉ ስፋት ይመዘገባል፤ በቅርንጫፉ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረውን ታናሽ ፍጥረት ግን ማንም አያስታውሰውም። ሆኖም የሞሬያና የፓናማ ምርምሮች እንደሚመሰክሩት፣ ያለዘበኛው የቀረ ኮራል በሕይወት ያለ መስሎ ቢታይም ከሞት በወር ብቻ የሚርቅበት ጊዜ አለ። ለዚህም ነው የሞተ ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ቋጥኝ፣ መልሰው ለማልማት ኮራል በሚተክሉበት ስፍራ፣ ሸርጣኖቹ አብረው መኖራቸው መታየት የሚገባው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በምጽዋም ሆነ በፖርት ሱዳን፣ በዓሣ ማስገር ወይም ጎብኚ በማመላለስ የሚተዳደር ወገን ሁሉ ኑሮው የተመሠረተው በዚህ ሪፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም።

ለተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎች እንተዋለን፤ ከመምህሮቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው። አንደኛ፣ ተመራማሪዎቹ በሞሬያ ከከፊሎቹ ኮራሎች ሸርጣኑን ሲያነሡ፣ በከፊሎቹ ላይ እንደ ነበረ የተዉት ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ኮራሉ በሙቀት ሲነጣ የሸርጣኑ ጥበቃ የሚደክመው በምን ምክንያት ነው? ሦስተኛ፣ በምትኖሩበት አካባቢ ከሚገኙ እንስሳትና ዕፀው መካከል፣ አንዱ ለራሱ ሲኖር ሌላውን የሚጠብቅበትን አንድ ምሳሌ ፈልጉ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀበልም ለይታችሁ ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ በጨዋማ ውሃ ዳርቻ ስለሚበቅለው ስለ ማንግሮቭ ዛፍ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ዜማ)